ማን ይጻፍ፣ ማን ይቅር?

ጉርድ ሾላ ላይ ከቀላል ባቡሩ ሐዲድ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ኑሮ ፊት ለፊት ይተያያል። ከአስፋልቱ ዳር የገበያ ማዕከል፣ ባንክ፣ የመስታወት ሕንፃ፤ ገባ ሲሉ ደግሞ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የተደጋገፈበት፣ በአንድ የውጭ በር ብዙ አባወራ የሚወጣ የሚገባበት ግቢ። የቦሌና የየካ ክፍለ ከተሞች የሚዋሰኑበት ሰፈር ስለሆነ፣ መንገድ የተሻገረ ሰው አንዳንዴ ጉዳዩን የሚያስፈጽምበት ወረዳም ይቀየርበታል።

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለቱ በሰፈሩ በየዕለቱ የሚያጋጥሙ ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ በጡረታ ላይ ያሉ የእድር ዳኛ፣ ሌላዋ በማኅበራዊ ጉዳይ የምትሠራ ወጣት ባለሙያ። የእሑድ መዋጮ ተሰብስቦ ሰው ከተበተነ በኋላ በእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል። የተነሣው ጥያቄ፣ ከተማው ለችግረኛ እጁን ሲዘረጋ እጁ ማን ጋ እንደሚደርስ የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው።

ዳኛው፦ ነይ ተቀመጪ ልጄ። ወንበሩ የለቅሶ ነው፤ ግድ የለም፣ ሰው ሳይሞትም ይቀመጡበታል። ሰሞኑን ወረቀት ይዛችሁ ቤት ለቤት ስትዞሩ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ምን ልትመዘግቡ ነው?

ባለሙያዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የችግረኞችን ዝርዝር እያጣራን ነው። እርስዎ ጋም የመጣሁት ለዚሁ ነው፤ የእድሩን መዝገብ ባየው ይጠቅመኛል ብዬ።

ዳኛው፦ መዝገቡ የትም አይሄድም። መጀመሪያ አንድ ነገር አስረጂኝ። ይህ ለድሃ የሚሰጠው ነገር ስንት ዓይነት ነው? በዓል ሲደርስ ማዕድ ማጋራት ይባላል፣ ዘይትና ዱቄት ይታደላል። ክረምት ሲገባ የአቅመ ደካማ ቤት ይታደሳል። የምገባ ማዕከል አለ፣ ሴፍቲኔት አለ፣ ጤና መድን አለ። ስሙ በዛብኝ።

ባለሙያዋ፦ ስሙ ይብዛ እንጂ ሁለት ጎራ ነው። የበዓሉ ዘይትና የክረምቱ እድሳት በጎ ፈቃድ ነው። ሰጪ ሲገኝ ይሰጣል፣ ሳይገኝ ይቀራል፤ ያልደረሰው ሰው «እኔስ?» ብሎ የሚጠይቅበት መስኮት የለውም። ሴፍቲኔቱና ጤና መድኑ ግን ደንብ አላቸው። ለማን እንደሚገባ ተጽፏል፣ የቀረበት ሰው የሚያመለክትበት ቅሬታ ሰሚ አለ። ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

ዳኛው፦ ዘይቱን ግን አታናንቂው። የፋሲካ ለት ከቤቷ ወጥ ያልሸተተላትን እናት ደንብ አያጽናናትም።

ባለሙያዋ፦ አላናንቅም። ግን ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ ስንት ወር አለ ጋሼ? ያን ሁሉ ጊዜ የምትኖረው በማን ፈቃድ ነው?

ዳኛው፦ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ይህ ሁሉ ጥያቄ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ችግረኛው የሚሄድበት ደጃፍ አንድ ሆነ፤ ቀበሌ። ቤቱ ከቀበሌ፣ ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ፣ ሐኪም ቤት በነፃ የሚታከምበት ወረቀት ከቀበሌ። ሊቀመንበሩ የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ ያውቅ ነበር።

ባለሙያዋ፦ ያውቅ የነበረው ግን ለእርዳታ ብቻ አልነበረም ይባላል።

ዳኛው፦ ሐሰት አይደለም። ማን ስብሰባ ቀረ፣ ማን ልጁን ከብሔራዊ ውትድርና ሸሸገ፣ እሱንም ያውቅ ነበር። የነፃ ሕክምናውን ወረቀት የሚጽፈውና ልጅሽን ለግዳጅ የሚመዘግበው አንድ እጅ ነበር። ብቻ አንቺ ያልሽው መስኮት የት እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ባለሙያዋ፦ ከዚያ ዘመን የተረፈን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የቀበሌ ቤት። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች። እኔን ከጠየቁኝ በዚህች ከተማ ለድሃ ከተሰጠው ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ሴፍቲኔቱም አይደርስበትም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ግን ወር በመጣ ቁጥር «ጨምር ወይ ውጣ» የሚል የለም። አጠገቡ ከግለሰብ ተከራይቶ ያለው ሰው ግን ደመወዙ ኪሱ ሳይገባ ለቤት ኪራይ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ የድሃ ድሃ የሚገኘው የቀበሌ ቤት ውስጥ ላይሆን ይችላል።

ዳኛው፦ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ ችግረኛ ስንል የሚታየን ያው የቀበሌው ቤት ሰው ነው።

ባለሙያዋ፦ እመለስበታለሁ። መዝገብዎን ያየሁ ዕለት።

ዳኛው፦ እሺ፣ ሴፍቲኔቱን አስረጂኝ። ማለዳ መንገድ የሚጠርጉትን ሴቶች አያለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅም።

ባለሙያዋ፦ ለገጠሩ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ለከተማው ግን 12 ዓመት ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ነው የደረሰው። የከተማ ድህነት ራሱን ይችላል ተብሎ የሚታሰብበት ዘመን ረዥም ነበር። ሲጀመር አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ነው። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መድበው 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ታቀደ። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ከተሞቹ 83 ሆኑ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከታቀዱት ተጠቃሚዎች ከመቶ 84ቱ መሥራት የሚችሉ ናቸው፤ ጽዳት፣ የቦይ ጠረጋ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የከተማ ግብርና ላይ ይሠራሉ። 16ቱ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ናቸው፤ ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ዳኛው፦ ስንት ስንት ይደርሳቸዋል?

ባለሙያዋ፦ ሲጀመር የቀን ሒሳቡ 60 ብር ነበር። ከአንድ ቤተሰብ እስከ አራት ሰው ይታሰባል። ለእያንዳንዱ በመጀመሪያው ዓመት 60 የሥራ ቀን፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20።

ዳኛው፦ ቆይ፣ እኔ የእድር ሒሳብ ያዥ የነበርኩ ሰው ነኝ። አራት ሰው በ60 ቀን 240 ቀን። በ60 ብር ሲመታ 14,400 ብር። ለ12 ወር ሲካፈል 1,200 ብር። በሦስተኛው ዓመት ግን የወሩ 400 ብር ይሆናል።

ባለሙያዋ፦ አልተሳሳቱም። በዚያ ላይ ከመቶው 20 እንዲቆጥቡ ይደረጋል፤ ክፍያው በባንክ ሒሳብ ስለሚገባ ቁጠባው እዚያው ይቀራል። የቀን ክፍያው ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል፤ ጤፉ ግን ቆሞ አልጠበቀውም። መጨረሻ ላይ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሠልጥኖ መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ 500 ዶላር በብር ተመንዝሮ ነበር። እንጀራ የሚጋግር ይጋግርበታል፣ ጉልት የሚቀመጥ ይቀመጥበታል። ከዚያ «ተመረቁ» ይባላል።

ዳኛው፦ ሰው በሦስት ዓመት ከድህነት ይመረቃል? እኔ በመንግሥት ሥራ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆይቼም አልተመረቅሁ።

ባለሙያዋ፦ ጉልበት ያለው፣ ልጆቹ የደረሱለት፣ ገበያ የቀናው ይወጣል፤ የወጡም አውቃለሁ። እኔን የሚያሳስቡኝ ቀጥታ ድጋፍ ላይ ያሉት ናቸው። እነሱ ተመረቁ አይባሉም፤ ግን የያዛቸው ነገር ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክት ደግሞ የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ቀን አለው፤ እርጅና ደግሞ ፕሮጀክት ይዘጋልኛል ብሎ ወደ ጉልምስና አይመለስም። በበጀት የተያዘ፣ ማንም ሹም መጣ ማንም ሄደ የማይቋረጥ የአረጋውያን ድጎማ እስካልሆነ ድረስ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ምዕራፍ በመጠበቅ ነው የሚኖሩት።

ዳኛው፦ አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሰፈር ውስጥ የሚባል ነገር አለ። ሰውን ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ አስይዞ መክፈል ሥራ መናቅን ማስተማር ነው ይላሉ። ባለ ምግብ ቤቱም «ዕቃ አጣቢ ጠፋ» እያለ ያማርራል።

ባለሙያዋ፦ ይህ እንኳ በግምት የሚቀር ነገር አይደለም፤ ተጠንቷል። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ወረዳ በመጀመሪያው ዙር ይግባ የሚለው በዕጣ ነው የተወሰነው። ስለዚህ ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን ወረዳ ማወዳደር ተቻለ። ኢኮኖሚስቱ ግሩም አበበና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን ተከትለው ያጠኑት ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. በታወቀ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተጠቃሚዎቹ በግል ቀጣሪ ዘንድ የሚሠሩት ሥራ ቀንሷል።

ዳኛው፦ አላልኩሽም?

ባለሙያዋ፦ ልጨርስ ጋሼ። ሠራተኛው ሲቀንስ ቀጣሪው ሰው ለማግኘት ክፍያ መጨመር ይኖርበታል። ፕሮግራሙ ከተማውን ሁሉ ሲያዳርስ የግል ሥራ ክፍያ በ18.6 በመቶ እንደሚያድግ አሰሉ። ባለ ምግብ ቤቱ «ሰው ጠፋ» የሚለው ባረጀው ዋጋ የሚሠራለት ሰው ስለጠፋ ነው። በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥበው ሴት ዝርዝሩ ውስጥ ስሟ ሳይኖር የቀን ዋጋዋ ተሻሻለላት ማለት ነው። ይህ ጥቅምና የጸዳው ሰፈር ሲታሰብበት ለድሃው የሚደርሰው በእጅ ከሚከፈለው ብቻ ሲሰላ ከሚገኘው ስድስት እጥፍ ይሆናል ይላሉ።

ዳኛው፦ እንግዲያው ያልተጻፈውም ይጠቀማል። አንቺ በዝርዝር የምትጨነቂው ለምንድነው?

ባለሙያዋ፦ ማጠብ የምትችለዋ ተጠቀመች። ከአልጋ መነሣት የማትችለዋስ? የቀን ሥራ ዋጋ ቢጨምር ለእሷ ምኗ ነው? ለእንደ እሷ ያለው ሰው ከዝርዝሩ ሌላ መንገድ የለም። ስሟ ካለ አለች፤ ከሌለ የለችም።

ዳኛው፦ እሱን ንገሪኝ። እንዴት ነው የምትመርጡት?

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ በየቀጠናው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ አለ፤ በጣም የተቸገሩትን እሱ ይለያል። ከዚያ እኛ ቤት ለቤት ሄደን መጠይቅ እንሞላለን። ስንት ነፍስ አለ፣ ግድግዳው ከምን ነው፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው የጋራ፣ ቴሌቪዥን አለ ወይ፣ ፍሪጅ አለ ወይ። መልሱ ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡ ኮሚቴው ካቀረበው ስም ጋር ይመሳከራል። ዝርዝሩ ይለጠፋል፤ ቅር ያለው ያመለክታል።

ዳኛው፦ ፍሪጅ አልሽ? ጉዳዬ እዚያ ላይ ነው። እኛ ግቢ ፍሪጅ ያላት ባልቴት አለች። ልጇ ዓረብ አገር ሳለች በላከችው ብር የተገዛ ነው፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ከርሟል። ብትከፍቺው ላዩ ላይ ሲኒና ረከቦት ተደርድሯል፣ መሐሉ ላይ የሽሮ ጣሳ፣ አትክልት ማስቀመጫው ውስጥ የልጇ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት በፌስታል ተጠቅልሎ። በሩ አልገጥም ስላለ በልብስ ማስጫ ገመድ ታስሯል። አይጥ ስለማይገባበት ነው ያልጣለችው። መዝጋቢው መጣና «ፍሪጅ፦ አለ» ብሎ ምልክት አድርጎ ሄደ። ገመዱን ለምን ነው ብሎ አልጠየቃትም። እንግዲህ ከአንቺ መጠይቅና ከእኔ ዓይን የትኛው ይታመናል?

ባለሙያዋ፦ እዚያ ላይ የእርስዎ ዓይን። ኮሚቴው የተፈለገው እንዲህ ያለውን እንዲያርም ነው፤ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ያልጠየቀ መዝጋቢም ሥራውን አልሠራም። ግን ሁሉም ነገር ላይ ዓይንዎን አላምነውም ጋሼ። እስቲ አሁን መዝገቡን ያውጡት።

ዳኛው፦ ይኸው። ከሚሞተው እስከሚድረው ሁሉም አለ።

ባለሙያዋ፦ ከእርስዎ ግቢ ስንት አባል አለ?

ዳኛው፦ ስድስት።

ባለሙያዋ፦ ግቢው ስንት በር አለው?

ዳኛው፦ እንዲያ ከቆጠርሽማ... አሥራ አንድ ይሆናል።

ባለሙያዋ፦ አምስቱስ?

ዳኛው፦ ተከራይና ደባል ናቸዋ። ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም። እንዴት ብለሽ አባል ታደርጊያቸዋለሽ?

ባለሙያዋ፦ ከጥግ ያለችው ደባል እዚህ ከገባች ስንት ጊዜ ሆናት?

ዳኛው፦ ልጇ እዚሁ ነው የተወለደው። አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ባለሙያዋ፦ ልጅ ተወልዶ ፊደል እስኪቆጥር የኖረች ሴት «ነገ የለችም» ተብላ ነው ከመዝገብ የቀረችው። ኮሚቴው ሲመረጥ የሚመረጠው ማን ነው? እንደ እርስዎ ያለ የታወቀ፣ የተከበረ፣ ሰፈር የቆየ ሰው። እሱም የሚያቀርበው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ለቅሶ የሚገናኘውን፣ ማኅበር የሚጠጣውን ነው። የኔ መጠይቅ ፍሪጁን አላየም፤ የእርስዎ መዝገብ ሴቲቱን አላየም።

ዳኛው፦ አንድ ነገር አትርሺ፤ እድር የእርዳታ ድርጅት አይደለም። የሚያዋጣ ሰው ነው የሚቀበረው በእድር፤ ዛሬ ለሌላው ድንኳን የተከለ ነገ ይተከልለታል። ያላዋጣውንም እንርዳ ካልሽ ሣጥኑ ባዶ ይቀርና ያዋጣውም ይጎዳል። እኛ በዚህ ነው እስከ ዛሬ የቆየነው።

ባለሙያዋ፦ ለእድሩማ ትክክል ነው፤ ጥፋት አለበት አላልኩም። ጥፋቱ ከተማው ችግረኛን በእድር ዓይን ሲፈልግ ነው። ከወርሃዊ መዋጮ ያነሰ ሰው ከእርስዎ መዝገብ ይወድቃል፤ ከተማው መፈለግ የሚገባው ደግሞ ያንኑ የወደቀውን ነው። እኔና እርስዎ ከአንድ ምንጭ ከቀዳን ያው ሰው ሁለት ጊዜ ይገኛል፣ ያችው ሴት ሁለት ጊዜ ትቀራለች።

ዳኛው፦ የወረዳ መታወቂያስ አላት ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር።

ባለሙያዋ፦ ልጠይቅዎት ነበር።

ዳኛው፦ የላትም። ከመጣችበት አገር መሸኛ አምጪ ተባለች። መሸኛ ለማምጣት የአውቶቡስ ብር ያስፈልጋል፤ ደርሳም ወላጆቿ ሞተዋል፣ የሚያውቃት ሹም ተቀይሯል። እዚህ ደግሞ የምትኖረው በሰው ቤት ስለሆነ ባለቤቱ እንዲመሰክርላት ፈቃደኛ መሆን አለበት። እሱም ደባል አስቀምጠሃል እባላለሁ ብሎ ይፈራል።

ባለሙያዋ፦ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያስ?

ዳኛው፦ ፋይዳ አውጥታለች። አሻራዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን ተነሥታ። ማን እንደሆነች መንግሥት ያውቃል። የዚህ ወረዳ ሰው መሆኗን ነው የማያውቅላት።

ባለሙያዋ፦ ድሃ ሰው በከተማ ውስጥ በጣም የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። አገልግሎቱ ሁሉ በወረዳ የተሰፈረ ነው። ጤና መድኑን ይውሰዱ። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት የገጠር ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው፤ መክፈል ለማይችለው መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። እጅግ መልካም ነገር ነው። ግን «መክፈል አይችልም» የሚለውን የሚያጸድቀው ወረዳው ነው፤ ወረዳው ደግሞ የሚያውቀው መታወቂያ የሰጠውን። ያላወቀው ሰው ታምሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን ሳይሆን የካርድ ክፍሉን መስኮት ነው።

ዳኛው፦ እንዲያ ያለው ሰው ነው መጨረሻው መቄዶንያ የሚሆነው።

ባለሙያዋ፦ አዎ፤ ከዚህ ባቡሩን ይዘው አያት ሲወርዱ የሚያገኙት የመርጃ ማዕከል ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምረው ጎዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እያነሣ ነበር። መሸኛ አይጠይቅም፣ «የየት ወረዳ ነህ?» አይልም። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩ የመግቢያ ደንቡም ጭምር ነው። እኔ ሳስበው ከተማው በወረዳ ድንበር ያጠረውን ነው እነሱ ያለ አጥር የሚያነሡት። ግን አንድ ማኅበር በሕዝብ መዋጮ የስንቱን ሸክም ይችላል? የሕዝብ ልግስና የሚያኮራን ያህል፣ መደበኛው መንገድ የት ጋ እንደተዘጋም ይነግረናል።

ዳኛው፦ ከተማው ያለ መዝገብ የሚሰጠው ነገር የለም ማለትሽ ነው?

ባለሙያዋ፦ አለ እንጂ። የትምህርት ቤት ምገባው። መጀመሪያ የበጎ አድራጎት ሰዎች ነበሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተቸገሩትን ልጆች እየለዩ የሚያበሉት፤ ክፍል ውስጥ በረሀብ የሚወድቅ ተማሪ ስለነበር። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ሥራውን ወሰደውና መለየቱን ተወው። የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ቁርስና ምሳ ይበላል፣ ዩኒፎርምና ደብተር ያገኛል። ከእንግዲህ የትኛው ልጅ ድሃ እንደሆነ ወጥ ቤቷ አታውቅም፣ ልጁም አይሸማቀቅም። የደባሏ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል አላሉኝም?

ዳኛው፦ ይሄዳል። ጠዋት ሳይበላ ሲወጣ እናቱ ታዝን ነበር፤ አሁን እዚያ ይበላል።

ባለሙያዋ፦ አዩ? እናቱን ሦስት መዝገብ አላገኛትም፤ ልጁን ግን ያለ ጥያቄ ሣህኑ አገኘው። ሁሉም የሚበላበት ማዕድ ላይ የሚቀር ሰው የለም።

ዳኛው፦ ሁሉን እንዲያ ማድረግ አይቻልማ። ለሁሉ ቤት፣ ለሁሉ ገንዘብ ይሰጥ ብትይ የሀብታሙም ልጅ ይሰለፋል፤ በጀቱስ ከየት ይመጣል?

ባለሙያዋ፦ አይቻልም፤ ስለዚህ መምረጥ አይቀርም። ግን መምረጥ ግዴታ የሚሆነው ብዙ ገንዘብ ያለበት ነገር ላይ ነው። ምሳ፣ ክትባት፣ የእርጉዝ ሴት ክትትል፣ የልጅ ትምህርት ላይ መለየት የሚያስወጣው ድካም ከሚያተርፈው ይበልጣል። እነዚህን ለሁሉ ከፍተን፣ የማጣራት ጉልበታችንን ለገንዘብ ድጋፉ እናውለው ነው የምለው።

ዳኛው፦ ይህን እስማማለሁ። አሁን የኔን ስሚኝ። አንቺ የጎረቤት ዓይን ያዳላል አልሽ፤ ልክ ነሽ። ጎረቤት የሚባለውም ግን እየጠፋ ነው። የካዛንችስ ሰፈር ለልማት ሲነሣ ገላን ጉራ የገባውን ሕዝብ አስቢ። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ውሃው በክፍሉ፣ ሽንት ቤቱ የራሱ። ግን እዚያ ሲደርስ ፎቅ ላይ ግራና ቀኝ ያለውን ሰው ስም አያውቅም። ለቤቱ ምትክ ሰጡት፤ «ይቺ ሴት ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም፣ ምን ሆነች?» ለሚለው ሰው ግን ምትክ አይሰጥም። ቀጠና ኮሚቴ ብትመርጪ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው ማንን ይጠቁማል?

ባለሙያዋ፦ እዚያ ላይ የምመልሰው የለኝም። ሰው ሲነሣ የእድሩ መዝገብም፣ የወረዳው የድጋፍ ዝርዝርም አብሮት እንዲዛወር ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈው ጊዜ ይፈልጋል።

ዳኛው፦ ዝርዝሩ ይዛወር፣ ጥሩ። በኛ በኩል ደግሞ አንድ ነገር አስቤአለሁ። አንቺ ዝርዝሩ ይለጠፋል ትያለሽ። የሚለጠፈው ወረዳው ግድግዳ ላይ ነው፤ ማን ሄዶ ያነበዋል? እኛ በወር አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን አለን። እዚያ ላይ ይነበብ። ያለ አግባብ የገባም ካለ፣ የቀረም ካለ፣ በሰው ፊት ይነገር።

ባለሙያዋ፦ የድሃ ስም በሕዝብ ፊት? አንዳንዷ እኮ ከመሸማቀቅ መቅረትን ትመርጣለች። ያች ባልቴት በእድር ፊት «ችግረኛ» ተብላ ስሟ ቢጠራ የሚሰማት ይታይዎታል?

ዳኛው፦ ይታየኛል። ግን በጓዳ የተያዘ ዝርዝር ላይ ምን እንደሚገባም ይታየኛል። የኮሚቴው እህት፣ የሰብሳቢው አማች። ከሁለቱ የቱ ይሻላል?

ባለሙያዋ፦ መሐሉን እንያዝ። ስም አይነበብ፤ መስፈርቱ ይነበብ። ማን ይገባዋል፣ የት ይመዘገባል፣ ቅሬታ በስንት ቀን መልስ ያገኛል። ስሙን ማየት የፈለገ እርስዎና እኔ ባለንበት መጥቶ ይይ። የቀረ ሰው ካለ ደግሞ እሱ ራሱ እስኪመጣ አይጠበቅ፤ የሚያውቅ ይጠቁም።

ዳኛው፦ ይሁን። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ መስፈርቱን አንቺው መጥተሽ ታነቢያለሽ። እኔ ደግሞ መተዳደሪያ ደንባችን እንዲሻሻል አቀርባለሁ፤ ተከራይ በግማሽ መዋጮ ይግባ። የሚቃወም አይጠፋም፤ ሽማግሌው ሁሉ «ነገ ጥሎን ይሄዳል» ይላል።

ባለሙያዋ፦ ግማሹንም የማትችለዋስ?

ዳኛው፦ እሷን እድር አይችላትም፤ እውነቱን ልንገርሽ። መክፈል የማይችል ሰው የሚመጣው ወደ አንቺ ነው። ግብር የሚሰበሰበውስ ለማን ሆነና? እኛ የምንችለው መኖሯን መመስከር ነው፤ መሸኛ ባይኖራት «ልጇን እዚህ ወልዳ እዚህ አሳድጋለች» ብለን ሦስት ሰው ፈርመን። ፊርማችንን ተቀብሎ መታወቂያ የሚሰጣት ግን ወረዳው ነው፤ አልቀበልም ካለ በጽሑፍ ይበል፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ወደ በላይ አመለክታለሁ።

ባለሙያዋ፦ ምስክርነቱን ይስጡኝ እንጂ ማመልከቻውን እኔ እጽፈዋለሁ። መልሱንም በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

ዳኛው፦ እንግዲያው መጠይቅሽን ያዢና ነገ ማልደሽ ነይ። አሥራ አንዱንም በር አብረን እናንኳኳለን። ፍሪጅ ያለበት ቤት ስንገባ ደግሞ ከፍተሽ እዪ።